ከፊርማው እስከ ሥራው ያሉት ቀናት

(በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለኢትዮጵያውያን ያደረግሁት ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜያችሁን ትታችሁ በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ዛሬ ዓመቶችን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ መጀመሪያ ቃለ መሐላ የፈጸሙት በፈረንጆቹ 2017 ነው። ዳግም የተመለሱት ደግሞ በእኛ 2017 ጥር ላይ ነው። ዛሬ ሁለቱንም ጊዜ ስለማነሳ ሁለቱ 2017 እንዳይደበላለቁብን እፈራለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን 2017፣ የአሁኑን 2025 እላለሁ።

እሺ። በ2025 ቃለ መሐላው በተፈጸመ ማግስት ማታ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው አንዲት የማውቃት ልጅ ናት። ባሏ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እሷ በእሱ ቪዛ ነው ያለችው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። «ጋሼ፣ ቲክቶክ ላይ ሰምቼ ነው» አለችኝ። «የእኔ ልጅ ስትወለድ ዜግነት አይሰጣትም ማለት ነው?»

ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ቀኑን ሙሉ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ሲላት ነው የዋለው። አንዷ ጓደኛዋ «ሳትወልጂ ካናዳ ግቢ» ብላታለች። ሌላው «ዝም ብሎ ወሬ ነው፣ አትስሚ» ብሏታል። እኔም መልስ አልነበረኝም። «ቆይ እስቲ፣ ወረቀቱን ራሱን ላንብበውና መልሼ እደውልልሻለሁ» አልኳት።

ያን ሰሞን ሁላችንም ያየነው ቪዲዮ አለ። ጃንዋሪ 20 ብርዱ ከባድ ስለነበር ሥነ ሥርዓቱ ካፒቶል ሕንፃ ውስጥ ተደረገ። ከዚያ ፕሬዝዳንቱ መሐል ከተማ ወዳለው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ሄዱ። መሐል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጦላቸዋል። በሺዎች ፊት ትዕዛዞች ፈረሙ። የፈረሙበትን እስክርቢቶ ወደ ሕዝቡ ወረወሩ። ሰዉ ይሻማል፣ ይጮኻል። ያ ምስል በየስልኩ ዞረ። የዜግነቱን ትዕዛዝ የፈረሙት ግን እዚያ አይደለም። ማታ ዋይት ሀውስ ገብተው፣ ቢሯቸው ተቀምጠው ነው የፈረሙት። በዚያ አንድ ቀን ብቻ 26 ፕሬዝዳንታዊ ትዕዛዝ ፈርመዋል።

ወረቀቱን አትሜ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። በእስክርቢቶ እያሰመርኩ አነበብኩት። ረጅም አይደለም። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። እናትየዋ እዚህ አገር ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ካለች፣ ወይም በተማሪ፣ በሥራ፣ በጉብኝት ቪዛ ለጊዜው ከሆነ ያለችው፣ አባትየውም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ፣ የሚወለደው ልጅ ዜጋ ነው የሚል ሰነድ የፌዴራል መንግሥት አይሰጥም። የልጅቷ ፍርሃት ልክ ነበር። እሷንም ባሏንም ይመለከታል።

ከዚያ ክፍል ሁለት ጋ ስደርስ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ይህ የሚመለከተው ትዕዛዙ ከወጣ ከ30 ቀን በኋላ የሚወለዱትን ብቻ ነው ትላለች። እሷን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ቲክቶክ ላይ ማንም አላነሳትም።

ደወልኩላትና እንዲህ አልኳት፦ «ያንቺ ልጅ የምትወለደው ማርች ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ወረቀቱ ይመለከትሻል። ግን ዛሬ ሥራ ላይ አልዋለም። እስከ ፌብሩዋሪ 19 ቀን አለ። በዚህ መሐል ፍርድ ቤት ይገባል። ካናዳ አትሂጂ፤ ሐኪምሽንም አትቀይሪ። እንጠብቅ።»

ሁለት ቀን ነው የጠበቅነው። ጃንዋሪ 23 ሲያትል ውስጥ ዳኛ ጆን ኩህነር ትዕዛዙን አገዱት። ሰውየው በፕሬዝዳንት ሮናልድ ሬገን የተሾሙ ናቸው። ከ40 ዓመት በላይ በዳኝነት ወንበር ላይ እንደተቀመጡና እንደዚህ ግልጽ የሆነ ጉዳይ ቀርቦላቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ነገሩ ሕገ መንግሥቱን በአደባባይ የሚጥስ ነው አሉ።

ለምን ግልጽ ሆነላቸው? ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1868 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 14ኛው ማሻሻያ አሜሪካ ምድር ላይ የተወለደና ለሕጓ ተገዢ የሆነ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል። ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን ዜግነት ማንም እንዳይነጥቃቸው ነው የተጻፈው። በኋላ ዎንግ ኪም አርክ የሚባል ወጣት መጣ። ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ቻይናውያን ናቸው። ዘመዶቹን ሊጠይቅ ቻይና ሄዶ በ1895 ሲመለስ «ዜጋ አይደለህም» ተብሎ ወደብ ላይ ተከለከለ። ተከራከረ። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 2 ፈረደለት። ወላጆቹ በዚያን ጊዜ ሕግ መቼም ዜጋ ሊሆኑ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ፤ ልጃቸው ግን ዜጋ ነው ተባለ። እኛ እዚህ አዳራሽ የተቀመጥን ወላጆች የዚህን ሰው ስም ለልጆቻችን ብንነግር ደስ ይለኛል።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ግን ስለ ዜግነት ብቻ አይደለም። ያን ማታ ያሰመርኩባት ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ አለቀቀችኝም። የአንድ ፕሬዝዳንት የመጀመሪያ ወራት ላይ ሁላችንም የምንከራከረው ትዕዛዙ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ፣ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም እያልን ነው። እኔ ግን ማን ተጎዳ፣ ማን ተረፈ ብዬ ወደ ኋላ ስመለከት ብዙውን የወሰነው ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። በፊርማውና በሥራው መካከል ስንት ቀን ነበር? ጠቡ ሁሉ እዚያ ቀናት ላይ ነው ያለው።

ወደ መጀመሪያው 2017 ልውሰዳችሁ። ጃንዋሪ 27፣ አርብ ከሰዓት በኋላ። ፕሬዝዳንቱ ፔንታጎን ሄደው የጉዞ እገዳውን ፈረሙ። ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ የመን፣ ኢራቅ፣ ኢራንና ሶሪያ። የሰባቱ አገሮች ዜጎች ለ90 ቀን እንዳይገቡ። የስደተኞች ቅበላ ለ120 ቀን ይቁም። የሶሪያ ስደተኞች ደግሞ ላልተወሰነ ጊዜ። እዚህ ወረቀት ላይ 30 ቀን የሚባል የለም። አንድ ቀንም የለም። ቀለሙ ሳይደርቅ ሥራ ላይ ዋለ። ያኔ ሰዎች አየር ላይ ነበሩ። ሲሳፈሩ ቪዛቸው የጸና ነበር፤ ሲያርፉ ተከልክለዋል።

ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ነገሩ ግን በእኛ በር ነው ያለፈው። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን እዚሁ ቅርብ ያለው ዱለስ አየር ማረፊያ አረፈ። ስንቶቻችን ነን በዚያ አውሮፕላን የመጣነው? በዚያ በረራ ላይ ሁለት የመናዊ ወንድማማቾች ነበሩ። ገና ለጋ ወጣቶች ናቸው። የመን ጦርነት ላይ ስለሆነች ሂደታቸውን የጨረሱት ጅቡቲ ነው። በኪሳቸው የያዙት የቱሪስት ቪዛ አይደለም፤ የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ ነው። አባታቸው የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ሊቀበላቸው ይጠብቃል።

እጃቸው በካቴና ታሰረ። ወረቀት ተሰጣቸውና ፈርሙ ተባሉ። ቪዛቸውን በፈቃዳቸው እንደተዉ የሚገልጽ ወረቀት ነው። ፓስፖርታቸው ላይ ቪዛው ተሰረዘ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ በሚመለሰው አውሮፕላን ተጫኑ። ይህ ሁሉ የሆነው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠበቆች ዱለስን ሞሉት። ላፕቶፓቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። በአረብኛና በፋርስ ቋንቋ ጽፈው ሰሌዳ ያዙ። ማታ ኒው ዮርክ ውስጥ ዳኛ አን ዶኔሊ ሰዎች እንዳይባረሩ አዘዙ። እዚሁ ቨርጂኒያ ደግሞ ዳኛ ሊዮኒ ብሪንከማ ዱለስን የሚመለከት ትዕዛዝ ሰጡ። ወንድማማቾቹ ግን በዚያ ሰዓት የሉም። ሄደዋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንላለን። ዳኛ ብሪንከማን ግን አልወቅስም። ቅዳሜ ማታ ያን ትዕዛዝ የጻፈች ዳኛ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? የቀደማት አውሮፕላን ነው። ወንድማማቾቹ ቀናት አዲስ አበባ ቆይተው፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በሳምንቱ ተመልሰው ገቡ። በሌሎች አየር ማረፊያዎች ተመልሰው የሄዱ፣ ስማቸውን ማንም ጋዜጣ ያልጻፈላቸው ሰዎችም ነበሩ። በዚያ ሰሞን ወደ 60,000 የሚጠጋ ቪዛ ለጊዜው ተሰርዞ ነበር።

የሚገርማችሁ ሁለተኛው ሙከራ ነው። ሲያትል ውስጥ ዳኛ ጄምስ ሮባርት የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ካገዱት በኋላ መንግሥት ማርች 6 አዲስ ትዕዛዝ አወጣ። ኢራቅ ወጣች። ሌላም ነገር ተጨመረ፦ ሥራ ላይ የሚውለው ማርች 16 ነው ተባለ። አስር ቀን። በዚያ አስር ቀን ውስጥ ክሶች ተጻፉ፣ ተሰሙ። ሊጀምር ሰዓታት ሲቀሩት፣ ማርች 15፣ ሐዋይ ውስጥ ዳኛ ዴሪክ ዋትሰን አስቆሙት። አየር ማረፊያ ላይ በካቴና የታሰረ ሰው አልነበረም። ፖሊሲው ብዙም አልተለየም። የተለየው ቀኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መደበቅ አልፈልግም። ሦስተኛው ዓይነት እገዳ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ 5 ለ 4 ጸድቋል። ፕሬዝዳንት ጆ ባይደን በ2021 እስኪሽሩት ድረስም ቆየ። ስለዚህ ቀን ማግኘት ማለት ማሸነፍ ማለት አይደለም። ለመደመጥ ዕድል ማግኘት ነው። ሰው ከተደመጠ በኋላ ቢሸነፍ እንኳ ዕቃውን ይሰበስባል፣ ለዘመዱ ይደውላል፣ አውሮፕላን ላይ አይሳፈርም።

አሁን በጣም ወደሚያመኝ ጉዳይ ልግባ። ከተጋባዦቹ መሐል ዩኤስኤይድ በሚባለው የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ መሥሪያ ቤት የሠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስሳሳት አርሙኝ።

በዚያው ጃንዋሪ 20፣ ከ26ቱ ትዕዛዞች አንዱ የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን ይቁምና ይገምገም የሚል ነበር። ሲነገር ጥሩ ይመስላል። ግምገማ ማንም አይጠላም። በአራተኛው ቀን ግን፣ ጃንዋሪ 24፣ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ ተበተነ። አዲስ ገንዘብ አይሰጥም ብቻ አይደለም። የተጀመረውም ይቁም ነው። መጋዘን ያለ እህል ባለበት ይቁም። ክሊኒክ ውስጥ የተቀመጠች ሠራተኛ ከወንበሯ ትነሣ።

ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ትልቁን የአሜሪካ ዕርዳታ የምትቀበል አገር ነበረች። ስለዚህ ይሄ ለእኛ የሩቅ ዜና አይደለም። በቀናት ውስጥ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ብዙዎቹ በኤችአይቪና በወባ ላይ የሚሠሩ ነበሩ።

ከእነሱ አንዷ የአጎቴ ልጅ ናት። የየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነች አልናገርም። ሥራዋ ኬዝ ማናጀር ነው። አንድ ትልቅ ደብተር አላት። ገጹ በማስመሪያ ተከፋፍሏል፤ የታካሚው ቁጥር፣ መድኃኒት የወሰደበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን። ቀኑ አልፎ ያልመጣውን በቀይ ታሰምራለች። ከዚያ ትደውላለች። ብዙ ጊዜ በራሷ ካርድ ነው የምትደውለው። ስልክ ካላነሳ ሰፈሩ ድረስ ትሄዳለች፤ ጎረቤት እንዳይነቃ የዕድር ሰው መስላ ነው በር የምታንኳኳው። «እትዬ፣ ደኅና ነዎት? ጠፉብኝ» ትላለች። ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም ቫይረሱ ተመልሶ ይነሣል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። የዚያች ልጅ ሥራ ይህ እንዳይሆን መከልከል ነው።

የደወለችልኝ ሥራ ስለማጣቷ አልነበረም። ደብተሩን ለማን እንደምትሰጥ ጠፍቷት ነው። «መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ አለ» አለችኝ። «ቀይ ያሰመርኩባቸው ሰባት ሰዎች አሉ። ነገ ማን ይደውልላቸው?»

እኔ እስከ ዛሬ ስለዚያ ደብተር አስባለሁ። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በ2003 ፔፕፋር የሚባለውን የኤችአይቪ ፕሮግራም ሲጀምሩ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ነበረች። ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም የደገፉት ነገር ነው። በየቤታችን የቀበርናቸው ሰዎች አሉ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ የነበረውን የለቅሶ ብዛት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ያ ለቅሶ የቀነሰው እንዲሁ አይደለም። እንደዚህ ባሉ ደብተሮች ነው።

ፍርድ ቤቱስ የት ነበር? መጣ። ጃንዋሪ 28 ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ነፍስ አድን ዕርዳታ ይቀጥል የሚል ፈቃድ ሰጥተው ነበር። ግን ክፍያ የሚፈጽሙት ሰዎች ከሥራ ታግደዋል፤ የክፍያው ሥርዓት ቆሟል። ፈቃዱ ወረቀት ላይ አለ፤ ገንዘቡ የለም። ፌብሩዋሪ 13 ዳኛ አሚር አሊ እገዳውን አስቆሙ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ማርች 5 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ለተሠራ ሥራ ይከፈል የሚለውን የታችኛውን ዳኛ ትዕዛዝ አልነካም አለ። ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ነው። በአምስት ቀኑ፣ ማርች 10፣ ሩቢዮ የዩኤስኤይድ ፕሮግራሞች 83 በመቶ ተሰርዘዋል አሉ። ፕሬዝዳንት ኬኔዲ በ1961 ያቋቋሙት መሥሪያ ቤት ጁላይ 1 ላይ በይፋ አበቃ።

ይህን የመሰለ ሰፊ መሥሪያ ቤት ከፔንሲልቬንያ ጎዳና ሲነሣ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ለመሰብሰብ የተሰጣቸው 15 ደቂቃ ነበር። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው በካርቶን ይዞ ሲወጣ በር ላይ ቆመው ያጨበጨቡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው።

የዕርዳታ ሥራ ጉድለት የለበትም እያልኩ አይደለም። በ2023 ኢትዮጵያ ውስጥ የምግብ ዕርዳታ እየተሰረቀ ገበያ ሲወጣ ተደርሶበት ዩኤስኤይድ ራሱ ለወራት አቁሞታል። ያኔም ሰው ተጎድቷል። ዕርዳታ አገርን ያሰንፋል የሚል ኢትዮጵያዊ ስሰማም አልቆጣም፤ እኔም አንዳንዴ እንደዚያ አስባለሁ። በስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይቁም ቢባል የአጎቴ ልጅ ደብተሯን ለመንግሥት ነርስ ታስረክብ ነበር። ሰባቱን ሰዎች ይዛ ሄዳ «ከነገ ጀምሮ እሷ ናት የምትደውልላችሁ» ትላቸው ነበር። ይህን ያህል ብቻ ነው የምጠይቀው።

ሌላም አለ። ፊውስ ኔት የሚባል ረሃብን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ነበር። ዝናቡን፣ የገበያ ዋጋውን፣ የከብቱን ሁኔታ እያየ ከወራት በፊት «እዚህ ቦታ ይርባል» የሚል ነው። የተመሠረተው በ1985 ነው። ለምን በ1985? በእኛ አቆጣጠር የ77ቱን ድርቅ አስታውሱ። ዓለም ዘግይቶ ስላወቀ ነው ያ ሁሉ ሰው ያለቀው። በእኛ ሬሳ ላይ የተሠራ ደወል ነው ብል አልተጋነነም። በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ድረ ገጹ ጠፋ። ለወራት ባዶ ነበር። በኋላ ተመልሷል። የጠፋው ግን የበልግ ዝናብ በሚጠበቅባቸው ወራት ነው። የበልግን ነገር የደቡብና የቦረና ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የሌሎቻችሁን ስሜትም ልንካ። በዚህ አዳራሽ ትራምፕን የመረጣችሁ አላችሁ። አውቃለሁ፤ ቡና እየጠጣን ተከራክረናል። አንዳንዶቻችሁ በሃይማኖታችሁ ምክንያት ነው። አንዳንዶቻችሁ የእንቁላልና የቤት ኪራይ ዋጋ አስመርሯችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የባይደን መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ማስወጣቱን አልረሳችሁም። በሐዋሳ ፋብሪካ ሥራ ያጡ እህቶች ያሉት ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። 312 የኤሌክቶራል ድምፅ ያገኘ ሰው ፖሊሲውን የመለወጥ መብት አለው። እኔ የምለው ይህን መብት የሚነካ አይደለም። የምጠይቀው የሚለወጠው ነገር ለሚነካው ሰው ቀን ይሰጠው ነው። ይህን ለሪፐብሊካንም ለዴሞክራትም እኩል እላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት የሚባለው ነገር የመጣው ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። በማርች 1933 ሥልጣን እንደያዙ ባንኮችን ሁሉ ዘጉ። በሳምንቱ ውስጥ ግን ኮንግረስ ተሰብስቦ ሕግ አወጣለት። በዚያ ጊዜ 15 ያህል ትልልቅ ሕጎች ወጥተዋል። በ2025 የመጀመሪያ 100 ቀናት ደግሞ ከ140 በላይ ፕሬዝዳንታዊ ትዕዛዝ ተፈርሟል። የተፈረመው ሕግ 5 ብቻ ነው። ትዕዛዝ በአንድ እስክርቢቶ ይወጣል፣ በሌላ እስክርቢቶ ይሻራል። ሕግ ግን ይቀራል።

ስለዚህ ከአምስቱ የመጀመሪያውን ልብ በሉልኝ። ጃንዋሪ 29 የተፈረመው የሌከን ራይሊ ሕግ ነው። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ያለ ሰው ከሱቅ ዕቃ በመስረቅ እንኳ ከተያዘ ወይም ከተከሰሰ፣ ጥፋተኛ ሳይባል ጭምር፣ እንዲታሰር ያስገድዳል። ከዴሞክራት ሴናተሮች 12ቱ ደግፈውታል። በማኅበረሰባችን ስለ እስክርቢቶው ውርወራ ሳምንት አወራን። ስለዚህ ሕግ የሰማሁት ሁለት ሰው ሲያወራ ነው። ወረቀቱ ያልተስተካከለ ልጅ ያላችሁ፣ ወንድም ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ንገሩት። ሱቅ ውስጥ ከማይሆን ጓደኛ ጋር እንዳይገኝ።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ሕፃኗ ማርች መጨረሻ ተወለደች። ሆስፒታል ቅጹን ሞሉ። የልደት ሰርተፍኬቷ መጣ። ፓስፖርትም አወጡላት። ፎቶዋ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ተቀበሏቸው። አሁን አራት ወሯ ነው፤ እናቷ ዛሬ ይዛት መጥታለች፤ ከኋላ ስታለቅስ የሰማችኋት እሷ ናት። ተዋት ታልቅስ።

ነገሩ ግን አላለቀም። ጁን 27 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ወሰነ። አንድ የፌዴራል ዳኛ ለከሳሾቹ ብቻ እንጂ ለመላ አገሪቱ እግድ መስጠት አይችልም አለ። ትዕዛዙ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አልነካውም። ከዚህ በኋላ ሲያትል ያለ ዳኛ ቢፈርድ ያልከሰሰውን ሰው ላያድነው ይችላል ማለት ነው። ቀን ያስገኝልን የነበረው አንዱ መንገድ ጠበበ።

ውሳኔውን ሳነብ ግን እዚያም አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ትዕዛዙ ለ30 ቀን ሥራ ላይ አይውልም ትላለች። እንደገና 30 ቀን። ጠበቆች በዚያው ዕለት አዲስ ክስ ይዘው ገቡ። በዚህ ጊዜ በሁሉም ሕፃናት ስም የቀረበ የጋራ ክስ ነው። ጁላይ 10፣ ቀኑ ሳያልቅ፣ ኒው ሃምፕሺር ውስጥ ዳኛ ጆሴፍ ላፕላንት ተቀብለው ትዕዛዙን አገዱ። እሳቸውን የሾሙት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ እንደገና ጮኸ። ሌላ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያዋ ናት ቁጥሬን የሰጠቻት። የምትወልደው ኦክቶበር ላይ ነው። «ጋሼ፣ አሁንስ?» አለችኝ። «ቆይ» አልኳት። ወረቀቶቹን አወጣሁ፤ አሁን በዝተዋል፣ አንድ ፎልደር ሞልተዋል። እስክርቢቶዬን ይዤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ቀኖቹን መቁጠር ጀመርኩ።